የካፋ ደን ቡና በሳይንስ ጉባኤ ፊት

በዕፅዋት ሥነ ሕይወት ዘርፍ የሚካሄድ ሳይንሳዊ ጉባኤ ተመራማሪዎች በየቤተ ሙከራውና በየመስኩ ያገኙትን ውጤት ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቅርበው የሚያስመረምሩበት፣ በተጠራጠሩት ነገር ላይ የሚከራከሩበት፣ መልስ ያላገኘውንም ጥያቄ ለይተው ለቀጣዩ ሥራ የሚያሳድሩበት መድረክ ነው። አቅራቢው የጥናቱን አጭር መግለጫ አስቀድሞ ይልካል፤ የሙያው ሰዎች ይመዝኑታል፤ የተመረጠው ሥራ በቃል ወይም ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ሰሌዳ ይቀርባል፤ ከውይይቱ በኋላ ታርሞ በአንድ ጥራዝ ይታተማል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ይህ ሁሉ የአዳራሽና የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቡናን በሚመለከት የጉባኤዎቹ ክርክር ሥሩ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች፣ በተለይም ከቦንጋ ወደ ምዕራብ እስከ ቢታ ገነትና ከዚያም አልፎ እስከ ሸካ በሚዘልቀው የካፋ ምድር ነው።

ከእነዚህ መድረኮች አንዱና ለኢትዮጵያ ቡና ታሪክ እጅግ ጠቃሚ የሆነው፣ ነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ አገሪቱ አዲሱን ሚሌኒየም ለመቀበል ሳምንታት ሲቀሯት፣ በአዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል የተካሄደውና የአራት ዐሥርት ዓመታት የቡና ምርምርንና ልማትን የገመገመው አገር አቀፍ ዐውደ ጥናት ነው። አዘጋጁ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ አርባ ዓመቱ የሚቆጠረው ጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሥራውን ከጀመረበት ከ1967 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ስለ ዝርያ ማሻሻል፣ ስለ አተካከልና አያያዝ፣ ስለ በሽታና ተባይ፣ ስለ አፈር፣ ስለ አዘገጃጀትና ስለ ገበያ የተጻፉ ጥናቶች ቀርበው በቀጣዩ ዓመት በአንድ ትልቅ ጥራዝ ታትመዋል፤ ጥራዙም ዛሬ ድረስ የኢትዮጵያን ቡና ለሚያጠና ሁሉ የመጀመሪያው መነሻ ነው።

በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ እንደ ቡና ፍሬ በሽታ ተመራማሪዎችን ያስጨነቀ ነገር የለም። በሽታው በሻጋታ የሚመጣ ሲሆን ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፋል፤ ቅጠሉንና ግንዱን ሳይነካ ምርቱን ብቻ ስለሚያጠፋ ዛፉን ከሩቅ ያየ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መጀመሪያ የታወቀው በ1922 በኬንያ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1971 ነው፤ ከዚያ በኋላም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዋና ዋናዎቹ የቡና አካባቢዎች ተዛመተ። በኬንያ ትላልቅ እርሻዎች እንደሚደረገው በየወቅቱ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት መርጨት ደን ውስጥ ወይም ጓሮ ላይ ጥቂት ቡና ላለው ገበሬ የማይሞከር ወጪ ነበር፤ መንገዱም ሆነ ውኃው ለዚያ የሚመች አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሌላ መንገድ መረጡ፤ መድኃኒቱን ከፋብሪካ ሳይሆን ከዛፎቹ ከራሳቸው ለማግኘት ተነሡ።

አሠራሩ ዛሬም ሊደነቅ የሚገባው ነው። በሽታው ክፉኛ በመታቸው ቦታዎች እየተዘዋወሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ፍሬያቸውን ሲያረግፉ እነርሱ ሳይነኩ የቆሙትን ዛፎች በዐይን እየመረጡ ምልክት አደረጉባቸው፤ እነዚህም እናት ዛፎች ተባሉ። ከእነርሱ የተለቀመው ዘር በቅሎ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ሳይገለጡ፣ የሻጋታው ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ለስላሳው ግንድ ላይ ይደረግበታል፤ የሚጠቁረውና የሚሞተው ተጥሎ የሚቋቋመው ይቀራል፤ ከዚያም በመስክ ላይ በዛፉ ፍሬዎች ይህንኑ ፈተና ደግመው ያደርጉበታል። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት ማለትም 1974ን ያመለክታሉ። አዲስ ዝርያ በማዳቀል ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ በሚፈጅበት በዚህ ተክል ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ለገበሬው መድረሳቸው በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ታሪክ ውስጥ ከታዩት ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሊሆን የቻለው ግን በተመራማሪዎቹ ትጋት ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ተመሳሳይ ትጋት ቢኖረውም የሚመርጠው ዛፍ አያገኝም ነበርና። ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻግሮ በዚያ የለማው ቡና ወደ ተቀረው ዓለም የተዛመተው በጥቂት ዘሮችና ችግኞች አማካይነት ነው፤ ወደ ጃቫ ከተወሰደው ተክል አንዱ በ1706 አምስተርዳም ደረሰ፤ ከዚያ ዘር የተገኘ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተበረከተ፤ ወደ አሜሪካ አህጉር የተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ተክሎችም ከእነዚሁ ጥቂት እናቶች የተወለዱ ነበሩ። በሌላ መሥመር ደግሞ ከየመን ወደ ሬዩንዮን ደሴት የተወሰደው ቡርቦን የተባለው ዝርያ ተስፋፋ። የላቲን አሜሪካ ሰፊ የቡና ማሳዎች ሁሉ፣ ከኋላ የገቡት ተጨማሪዎች ሳይቆጠሩ፣ የእነዚህ የሁለቱ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ ጠባብ ሲሆን አንድ በሽታ አንዱን ዛፍ ካሸነፈ ሁሉንም ያሸንፋል፤ በ1869 በሲሎን ደሴት፣ የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ጨርሶ በማጥፋት በሻይ እንዲተካ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1964 እና በ1965 ወደ ኢትዮጵያ የቡና ደኖች የልዑካን ቡድን የላከው ይህን ጥበት በመረዳት ነበር። ቡድኑ ከ600 በላይ የዘር ናሙናዎችን ሰብስቦ ኮስታ ሪካን፣ ህንድን፣ ኬንያንና ታንዛንያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ለሚገኙ የምርምር ጣቢያዎች አከፋፈለ፤ በ1966 ደግሞ አንድ የፈረንሳይ ቡድን ተከተለ። በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ስለ ኢትዮጵያ የዱር ቡና ከሚነገረው ብዙው ነገር እስከ ዛሬ የሚመነጨው ከእነዚህ ስብስቦች ነው፤ ይህም ማለት ከስድሳ ዓመት በፊት በጥቂት ወራት ውስጥ መኪና ሊደርስባቸው ከቻሉት ቦታዎች የተለቀመ ዘር የአንድ ሙሉ ደን ምትክ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

ከስብስቦቹ የወጣው እጅግ የታወቀው ግኝት በ2004 ይፋ ሆነ። በካምፒናስ ከተማ የሚሠሩ የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር ከበቀሉ 3,000 ያህል የቡና ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ 3 ዛፎችን ማግኘታቸውን ኔቸር በተሰኘው መጽሔት አስታወቁ። ካፌይን የቡናን አነቃቂነት የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ዛፉ የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው፤ በእነዚህ ዛፎች ላይ የመጨረሻው ደረጃ ስለማይከናወን ከካፌይን ይልቅ ከእርሱ በፊት ያለው ቴዎብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር ይከማቻል። ካፌይኑ በኬሚካል የወጣለት ቡና በዓለም ገበያ ሰፊ ድርሻ ስላለው ግኝቱ የሳይንስ ዜና ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዘሩ የማን ነው፣ ከጥቅሙስ ማን ሊካፈል ይገባል የሚለውን ጥያቄ በአዲስ አበባ በብርቱ አስነሣ። በዚያው በ2004 ከጌሻ አካባቢ ደን በ1930ዎቹ የተወሰደ ዘር፣ ኬንያን፣ ታንዛንያንና ኮስታ ሪካን አቋርጦ ፓናማ ከደረሰ በኋላ፣ በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በወቅቱ ከፍተኛ በተባለ ዋጋ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም.፣ የጀነቲክ ሀብትን ለምርምርም ሆነ ለንግድ መውሰድ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ሀብቱን ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲካፈል ያዛል። ሕጉ ተገቢ ቢሆንም ከመውጣቱ በፊት ከአገር የተሻገረውን ዘር ግን አይመልስም፤ የቡናው ዋነኛ ክፍል ደግሞ ቀድሞ የተሻገረው ነው።

የቅርብ ጊዜዎቹ ጉባኤዎች ዋና የመነጋገሪያ ርእስ ከዛፉ ወደ ጂኖሙ ተሻግሯል። ጂኖም ማለት በአንድ ሕያው ነገር ሴል ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ ሁሉ ድምር ሲሆን፣ መመሪያው ክሮሞዞም በሚባሉ ክሮች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሌሎቹ የቡና ወገኖች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው፤ ምክንያቱም አረቢካ ሁለት የተለያዩ የቡና ወገኖች፣ ማለትም ሮቡስታ በመባል የሚታወቀው ካኔፎራና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለው ዩጀኒዮይደስ፣ ተዳቅለው የወለዱት፣ የሁለቱንም ወላጆች ክሮሞዞም ሳያጎድል የወረሰ ዲቃላ ነው። ይህ ልደት በሰው እጅ የተከናወነ ሳይሆን በተፈጥሮ የሆነ፣ ምናልባትም አንድ ጊዜ ብቻ የተከሰተ ነገር ነው። አረቢካ ከብዙዎቹ የቡና ወገኖች በተለየ ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል ከአንድ ዛፍ ተነሥቶ ደን ሙሉ ሊሆን ችሏል፤ ያም ችሎታው ግን ለጥበቱ ምክንያት ሆኗል፤ አባትና እናቱ አንድ ዛፍ የሆነ ልጅ አዲስ ነገር የሚወርስበት በር ጠባብ ነውና።

ልደቱ መቼ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ሊቃውንቱን አላስማማም። የዘር መመሪያው ከትውልድ ትውልድ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባበታል፤ ስሕተቶቹ በምን ያህል ጊዜ እንደሚከማቹ ከታወቀ፣ ቁጥራቸውን አይቶ ያለፈውን ዘመን መገመት ይቻላል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ ሄዶ አረቢካ የተወለደው ከ10,000 እስከ 20,000 ዓመት በፊት ነው ሲል፣ በሚያዝያ 2024 ኔቸር ጀነቲክስ ላይ የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ ዕድሜውን ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመት አድርሶታል። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ግምት እውነት ከሆነ አረቢካ ጠባብ የሆነው ገና ወጣት ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን ቡናው የአየር ጠባይ በተለዋወጠባቸው ረጅም ዘመናት ቁጥሩ ደጋግሞ እየተመናመነ፣ ተርፎ እየተስፋፋ፣ እንደገናም እየተመናመነ የመጣ ነው። ይኸው የ2024 ጥናት የዛሬው የዱር ቡናና የለማው ቡና ቅድመ አያቶች ከ30,000 ዓመት ገደማ በፊት መለያየታቸውን፣ ይኸውም ሰው ቡናን ማልማት ከመጀመሩ እጅግ ቀደም ብሎ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ከጸና፣ በካፋና በአካባቢው ደኖች ውስጥ ያለው ቡና የሰው ልጅ ለምቶ የተወው የእርሻ ቅሬታ ሳይሆን በየመን በኩል ወደ ዓለም በተሠራጨው ቡና ውስጥ የማይገኝ ነገር የያዘ የራሱ ሐረግ ነው።

ይህን ሐረግ ከደኑ አውጥቶ በማከማቻ ማስቀመጥ ቀላል ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ገብስ በደንብ ደርቆ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመብቀል ኃይሉን አያጣም፤ የዘር ባንክ የሚባለው ነገር የተመሠረተውም በዚህ ጠባይ ላይ ነው። የቡና ዘር ግን እጅግ ሲደርቅም ሆነ ሲቀዘቅዝ ይሞታል፤ በጥንቃቄ ቢያዝ እንኳ የመብቀል ኃይሉ የሚቆየው ለወራት ያህል ነው። በ1990 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የዘር አጠባበቅ ምድቦችን እንደገና ሲከልሱ ደርቆ በሚቀመጠውና ሲደርቅ በሚሞተው ዘር፣ በሁለቱ በሚታወቁት ምድቦች መካከል፣ ሦስተኛ ምድብ ለመክፈት የተገደዱት ቡናን መርምረው ነበር። ዘሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ ማቆየት እንደሚቻል ከዚያ በኋላ ቢታይም፣ ሥራው ብዙ ወጪና ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ስለሆነ እስካሁን ጥቂቶች ብቻ ናቸው የያዙት። ስለዚህ የቡና የዘር ባንክ ማለት በተግባር የቆመ ዛፍ ማለት ነው። በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ጮጬ በሚባለው ስፍራ የሚገኘው የመስክ ማቆያ ከ5,000 በላይ ናሙናዎችን የያዘ ቢሆንም፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አፈርና በአንድ የአየር ጠባይ ውስጥ የተተከለ በመሆኑ አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ ዓመት ሊጎዳው ይችላል። የቀረው ሁሉ ያለው ደኑ ውስጥ ነው።

ዩኔስኮ በ2010 ካፋን የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ባዮስፌር ክልል ማለት ተፈጥሮ የሚጠበቅበት፣ ሰውም ኑሮውን ሳይተው የሚኖርበት ቦታ ሲሆን፣ ጥብቅ የሆነ እምብርት፣ በዙሪያው ገደብ ያለው ጥቅም የሚፈቀድበት ቀጠና፣ ከዚያም ውጪ የልማት ቀጠና ይኖረዋል። ከ760,000 ሄክታር በላይ በሚሸፍነው በዚህ ክልል ውስጥ እንደ ቢታ ያሉ ወረዳዎች ነዋሪዎች ቡናውን ከደን ይለቅማሉ፣ ቀፎ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከጥላው ሥር ይሰበስባሉ። በካፋ ባህል ኮቦ የሚባለው ሥርዓት አንድ ቤተሰብ በተወሰነ የደን ክፍል ላይ የመጠቀም መብት እንዲኖረውና ያንኑ ክፍል እንዲጠብቅ ያደርግ ነበር፤ በ1990ዎቹ በቦንጋ አካባቢ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም፣ ምንም እንኳ ስሙና ውሉ አዲስ ቢሆንም፣ በዚህ አሮጌ ልማድ ላይ የቆመ ነው።

ሆኖም ደን ውስጥ ያለ ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ክርስቲነ ሽሚት የተባሉት ጀርመናዊት ተመራማሪ በቦንጋ አካባቢ ያካሄዱት ጥናት፣ ሰው ያልነካው ደን ውስጥ ቡናው ሳሳ ብሎ፣ ምርቱም ጥቂት ሆኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። ገበሬው ከላይ ያሉትን ዛፎች ሲያሳሳና ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሲመነጥር የደን ቡናው ከፊል የደን ቡና ይባላል፤ ጥናቱ በተደረገባቸው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ከላይኛው ዛፍ 30 በመቶ ያህሉ ተወግዷል፤ ምርቱም በብርቱ ጨምሯል። በጣም የሚገርመው የዕፅዋቱ ዓይነት ቁጥር በ26 በመቶ ከፍ ማለቱ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ደኑ በልጽጓል ሊል ይችላል፤ የጨመሩት ግን ብርሃን በገባበት ሁሉ የሚበቅሉት የመንገድ ዳርና የእርሻ ዳር ዕፅዋት ሲሆኑ፣ የደኑ የራሱ የሆኑት ቀንሰዋል። ይህ ግኝት በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ለሚነሡ የብዝኃ ሕይወት አኃዞች ሁሉ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚህም በላይ የሚያሳስብ፣ በጊዮን ሆቴሉ ዐውደ ጥናት እንደ ድል ከተቆጠረው ነገር የመነጨ ሌላ ችግር አለ። በሽታ የሚቋቋሙት ምርጥ ዘሮች በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ችግኞች ምንጭ ሆነው ወደ ገበሬው ሲዳረሱ፣ ብዙዎቹ የተተከሉት ከፊል የደን ቡና ባለበት መሬት ላይ፣ ከዱር ቡናው አጠገብ ነው። ቡና በአብዛኛው ራሱን ቢያዳቅልም ንቦች ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያመላልሱት ብናኝ ጥቂቱን አበባ ከሌላ ዛፍ ያዳቅላል፤ በዚህም መንገድ የተመረጠው ዘር ቀስ በቀስ ወደ ዱሩ ይገባል። ራፍ ኤርትስና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያሳተሙት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት ይህን ስጋት በዘረመል ማስረጃ አሳይቷል። የቡና ፍሬን ከበሽታ ያዳኑት ዛፎች የተገኙት በዱር ቡናው ስብጥር ውስጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ የእነዚያ ጥቂት ዛፎች ልጆች በብዛታቸው ስብጥሩን ሊሸፍኑት ተቃርበዋል። ገበሬውን ምርጥ ዘር አትትከል ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለበሽታ የተጋለጠ ቡና ይዞ እንዲቆም የሚጠየቀው እርሱ ብቻ ይሆናልና። ሚዛናዊ የሚመስለው መፍትሔ ከየአካባቢው የተመረጠ ዘር ለዚያው አካባቢ እንዲሰጥ ማድረግና በጥብቅ የተያዘው የደን እምብርት አጠገብ ምርጥ ዘር እንዳይተከል መከላከል ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ የጅማው ማዕከል ከዓመታት ወዲህ ለየቡናው ክልል ለየብቻው ዝርያ በመፈለግ ጀምሮታል።

ደኑን ለመጠበቅ ከሚቀርቡት ምክንያቶች መካከል የገንዘቡ ስሌት በጉባኤዎች ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ላርስ ሄይንና ፍራንዝ ጋትስቫይለር በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የዱር ቡና የሚገኘው በሽታን የመቋቋም፣ የዝቅተኛ ካፌይንና የምርታማነት ጠባይ ለዓለም የቡና ምርት የሚሰጠውን ጥቅም በ30 ዓመት ውስጥ አስልተው፣ የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ በ5 በመቶ ቅናሽ 1,458 ሚሊዮን፣ በ10 በመቶ ቅናሽ ደግሞ 420 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ገምተዋል። ከዚህ ድምር ውስጥ ደኑን ከሚጠብቀው የካፋ ገበሬ እጅ የሚገባው ግን፣ ለደን ቡናው የተሻለ ዋጋ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ካላገኘ በቀር፣ ከዜሮ የማይርቅ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሁሉንም ጥያቄ ያጣድፈዋል። ለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከልና ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በጋራ በ2012 ባሳተሙት ስሌት፣ ለዱር አረቢካ የሚመቹት ቦታዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ በከፋው መንገድ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሊጠፉ እንደሚችሉ አመልክተዋል። በ2017 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በመጠኑ ያጽናናል፤ ዛሬ ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው የማይመች ቢሆንም፣ እርሻው ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢሸጋገርና ደን ቢጠበቅ ወይም ቢተከል ለቡና ተስማሚ የሆነው ስፋት ከአራት እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል ይላል። ማጽናኛው የሚሠራው ግን ሰው ለሚተክለው ቡና ነው፤ የዱር ቡና በራሱ ወደ ተራራ የሚወጣው ወፍና ጦጣ ፍሬውን በሚያደርሱበት ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገበሬ የሰፈረበት የእህልና የእንሰት መሬት ነው።

እንሰት ከተነሣ፣ ካፋ ለዕፅዋት ሳይንስ የሰጠችው ቡናን ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉት ተመራማሪዎች እንሰትን የሚያጠወልገውን የባክቴሪያ በሽታ ምክንያት በ1968 ለይተው ስም ሰጡት፤ በ1974 ደግሞ በሽታው በካፋ ውስጥ ሙዝን መያዙን በአጭር ጽሑፍ አስታወቁ። ያ ማስታወሻ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ፤ በ2001 ግን በሽታው ሙዝ ዋና ምግብ በሆነባት በኡጋንዳ ታየ፤ ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛንያና ወደ ኬንያም ተዛመተ፤ ያን ጊዜ በየጉባኤው ላይ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ሰነድ ይኸው የካፋው ጽሑፍ ሆነ። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ለገበሬው የሚመከረው የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበርና ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል ነው። ተመራማሪዎችም በሽታውን በመጠኑ የሚቋቋሙ እንሰቶችን እንደ ወላይታው ማዚያ ካሉት የገበሬ ዝርያዎች መካከል በመፈለግ ላይ ናቸው፤ ይህም በ1974 በቡና ደኖች ውስጥ እናት ዛፍ ሲመረጥ የተሄደበት መንገድ ነው።